አንድ አንድ ኩባያ

አስካል ጣሳውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ብድግ ስታደርገው በዝገት የተበላው ታቹ ተገንጥሎ ቀረና ጥቁር ውሃ በቀሚሷ ላይ ተንዠቀዠቀ። የከረመ ኩሬ ሽታ ነበረው። ጣሳውን እንዳቀፈች ወደ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሮጣ ገለበጠችው። ውሃው አልቆ ጭቃው ተከተለ፤ ከጭቃው ጋር ሰፋፊ ቅጠሎች ያሏት አበባ ወጥታ በጎኗ ተጋደመች። ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ቅጠሎቿ ግማሾቹ ቢጫ ሆነዋል።

«ምን አድርጌሽ ነው አሁን?» አለቻት። «ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ነው የምሰጥሽ።»

ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ሥዕል የተለጠፈበት የእርዳታ ዘይት ጣሳ ነበር። ታቹ ከመጀመሪያውም ቀዳዳ አልነበረውም። ዘይት እንዳያፈስ ተብሎ የተሠራ ጣሳ ውሃም እንደማያፈስ አስካል እስከዛሬ አስባው አታውቅም።

አበባዋ የእሷ አልነበረችም። ጸሎት ቤቱ በቀበሌው ከመታሸጉ በፊት የመድረኩ ግራና ቀኝ በእንዲህ ያሉ ጣሳዎች የተሞላ ነበር። ማን እንደጀመረው ባይታወቅም ደንብ ነበረው፤ ምስጋና ወይም ልመና ያለው ሰው ሲገባ ደጅ ካለው በርሜል አንድ ኩባያ ውሃ ይቀዳና ከአበቦቹ ለአንዱ አፍስሶ ይቀመጣል። ላሙ የወለደችለት ያፈሳል፤ ልጁ ከትኩሳት የዳነለት ያፈሳል። ሰውም ብዙ፣ አበባውም ብዙ ስለነበረ ተዳርሶ ያድር ነበር። በሩ የታሸገ ዕለት ወንበሩም ከበሮውም ውስጥ ቀረ። የጸሎት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ የነበረችው አስካል ግን «ይቺን ብቻ» ብላ አንዷን ጣሳ ስታነሳ፣ በር ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃ ለማ ፊቱን ወደ አውሮፕላን ሜዳው አዞረ።

ከዚያ ወዲህ አበባዋ በአስካል መስኮት ላይ ናት። ጸሎት ቤቱ የተከፈተ ቀን መድረኩ ላይ መልሳ የምታስቀምጣት እሷ ናት ተባለ። ማን እንዳለ አታውቅም፤ ሸክሙ ግን እሷ ላይ ወደቀ። ሌላውም ሸክም እንዲሁ ነበር የሚመጣባት። ሳምንቱን ሙሉ የጤና ጣቢያውን አንሶላ ነሪ ወንዝ አውርዳ ታጥባለች፤ ስትመለስ አራስ ያለበት ቤት ይጠብቃታል፣ ለቅሶ ያለበት ቤት ይጠራታል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት በሯ ላይ ተቀምጠው ታገኛለች። ባል ሞቶባታል፣ ልጅ የላትም፤ ስለዚህ ጊዜ አላት ይባላል። አስካል ደክሟታል። ድካሟ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አልነበረም።

«እትዬ አስካል!» ጎረቤቷ ንብረት፣ ካገባች ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ግራሶ የጠገበ ካኪ ሱሪና ሸሚዝ በክንዷ ይዛለች። «ይቺን አንዴ እሽት እሽት አድርጊልኝ። እኔ ሳጥበው አይለቅም። እጅሽ ላይ ነገር አለ።»

«አስቀምጪው» አለች አስካል። እሺ ማለት አፏ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፤ ለመውጣት የእሷን ፈቃድ አይጠብቅም።

ንብረት ልብሱን ወረወረችና ከእንስራው አንድ ኩባያ ውሃ ቀዳች። የምትጠጣ መስሏት አስካል ዝም ብላ ታያት ነበር። ንብረት ግን ወደ ሳፋው ሄዳ ውሃውን በተጋደመችው አበባ ላይ አፈሰሰችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለባሌ ነዋ። የወይጦ ወንዝ ሞልቷል አሉ፤ መኪናዎቹ ወዲያ ማዶ ቆመዋል። እንዴ፣ ምን ሆና ነው ሳፋ ውስጥ ያስተኛሻት?»

«ሁልጊዜ ታጠጫታለሽ?»

«በመጣሁ ቁጥር። ሁሉም ያጠጣት የለ? እትዬ አበዛሽ ለልጇ ሳታፈስ የምታልፍበት ቀን የለም። አንቺ ወንዝ ስትወርጂ ጋሽ ሻንቆም በመስኮቱ አፍስሰው ነው የሚሄዱት። ለማ እንኳ ሲያፈስ አይቼዋለሁ።»

«ለማ? አብዮት ጥበቃው?»

«ወንድሙ ሰሜን ዘምቷል እኮ።»

ንብረት የቀበሌው ስብሰባ እንዳይረፍድባት ብላ ሮጠች። አስካል ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። በልብስ አጣቢነቷ ይህን ማወቅ ነበረባት፤ ከሳፋ ወጥቶ ያልተሰጣ አንሶላ በማግሥቱ ይሸታል፣ በሳልስቱ ይበጠሳል። መቆጣት ፈለገችና የምትቆጣው ሰው አጣች። ክፉ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ያፈሰሱት አንድ አንድ ኩባያ ነው።

ስብሰባው እሁድ ጠዋት በጸሎት ሰዓት የሚጠራው ሆን ተብሎ ነበር፤ ይህን ሰብሳቢውም ተሰብሳቢውም ያውቃል። አስካል አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ እንቅልፏን ተኛች። ሲበተን የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ጎሳዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጎኗ መራመድ ጀመረ። አውሮፕላን ስለማይመጣ ሜዳው ላይ ከብት ተሰማርቷል።

«የአርባ ምንጩ መኪና ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሳል፤ እስኪደርስ ወይጦ ይጎድላል» አላት። «በአንቺ በር ነው የሚያልፈው። ስለ ኮርሱ እስካሁን ያልሽኝ ነገር የለም።»

«እያሰብኩበት ነው አቶ ጎሳዬ።»

«ባለፈውም እያሰብሽበት ነበር፤ ቦታው ለሌላ ሰው ሄደ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጥለሻት የማትሄጂው አራስ ነበረችሽ። አሁን ካልሄድሽ ስምሽን ዳግመኛ ብጽፍ አርባ ምንጭ ያሉት አለቆች ይስቁብኛል።»

«እምቢ አላልኩም እኮ።»

«እሺም አላልሽም።» ቆም ብሎ በረኪና የላጣቸውን እጆቿን አየ። «የማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ የተማርሽው አንሶላ ለማጠብ ነው? ኮርሱን ጨርሰሽ ስትመለሺ አስታማሚ ነሽ። በሽተኛ ታያለሽ፣ ቁስል ታጥቢያለሽ፣ ሰው ስምሽን ያውቃል። ደግሞ እሁድ እሁድ ያምሻል አሉ። ምንድነው?»

አስካል መሬት መሬት አየች። «ወገቤን ነው።»

«እሁድ ብቻ የሚያም ወገብ!» ጎሳዬ ሊስቅ ብሎ ተወው። የሚያውቀውን ያውቃል፤ ማወቁን ግን ለማንም አይናገርም። «ለማንኛውም ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ካልወጣሽ አልፎ ይሄዳል።»

የእሁዱ በሽታ የጋሽ ሻንቆ ብልሃት ነበር። ለጸሎት መሰብሰብ ክልክል ነው፤ በሽተኛ መጠየቅን ግን የሚከለክል መንግሥት ገና አልመጣም። ታማሚ ያስፈልጋል ሲባል ሁሉም ወደ አስካል ዞሩ። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት በኋላ አስካል ብርድ ልብስ ለብሳ ትጋደማለች፤ ሰዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ «እግዜር ይማርሽ!» እያሉ ይገባሉ። በሩ ሲዘጋ በሽተኛዋ ትነሳና ጎደሬ ቀቅላ ታቀርባለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ የሚያለቅሱትን ታባብላለች፣ ሲወጡ ቤቱን ትጠርጋለች። ጂንካ ውስጥ በሽተኛ ጠያቂዎቿን የምታበላበት ቤት ያ ብቻ ነበር።

መሄድ ትፈልጋለች። ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ነገር ግን የምትኖርበት ክፍል የጤና ጣቢያው ነው፤ እሷ ስትወጣ ይዘጋል። ሌሎቹ ወይ አፍ የማይዙ ትናንሽ ልጆች አሏቸው፣ ወይ ሚስጥር የማይቋጥር ጎረቤት። የአበዛሽ ቤትማ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ነው፤ ማንም አንስቶትም አያውቅ። እሷ ከሄደች ጸሎቱ ይበተናል። ካልሄደች ደግሞ ነሪ ወንዝ ዳር ታረጃለች። ከነገ ጎህ በፊት አንዱን መምረጥ አለባት።

ቤት ስትደርስ ቢላዋ አወጣች። የአበባዋን ሥር ስትነካው በጣቶቿ መካከል እንደ በሰበሰ ሙዝ ተላጠ። ከግንዱ የወጣው ፈሳሽ ሲነካት እጇን እንደ ጎደሬ አሳከካት፤ ስለዚህ እንደ ጎደሬ ልታያት ወሰነች። የበሰበሰውን እየቆረጠች ጣለች፣ ገና ጠንካራ የሆነ ግንድ እስክታገኝ ድረስ። ጎፋ ውስጥ ልጅ ሳለች እናቷ የእንሰት ችግኝ ሥር ቆርጣ ጥላ ውስጥ ታጋድም ነበር። «ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር ከነካው አለቀለት» ትል ነበር። አስካል የተረፉትን ጉማጆች አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ባዶው መስኮት ላይ አጋደመቻቸው። አፈርም ውሃም አልሰጠቻቸውም።

ከዚያ አለቀሰች። ለአበባዋ መስሏት ነበር።

«ደክሞኛል» አለች፣ ድምፅ አውጥታ። «ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል።» ቃሉን ከአፏ ስትሰማው ደነገጠች። እንደ ስድብ ነበር የተሰማት፤ ግን እውነት ነበር፣ ስለዚህ ደገመችው።

በመስኮቱ ጥላ አለፈ። ለማ ምንሽሩን ትከሻው ላይ አንግቶ ቆሟል።

«ዛሬም ያምሻል አይደል እትዬ?» አላት፣ እንደ ልማዱ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

«ያመኛል።»

«እግዜር ይማርሽ።» ዓይኑ ጉማጆቹ ላይ አረፈ፤ ድምፁ ወረደ። «ምን አገኛት?»

«ውሃ። አንተስ ስንት ጊዜ አፍስሰህባታል?»

ለማ ግራ ቀኙን አየ። «ደብዳቤ ሲዘገይ... አንዳንዴ።» ከዚያ ደግሞ ተናደደ። «እኔ ምን ላውቅ! ሰው ሁሉ ሲያፈስ አየሁ።»

«ሲበዛ ማርም ይመራል ለማ።»

«ትድናለች?»

«ካልነኳት።»

ለማ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ተመለሰና የመስኮቱን መዝጊያ ከውጭ ገፋ አድርጎ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከተራራው ወርዶ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። አስካል ጎደሬውን ምድጃ ላይ ጥዳ ተጋደመች። ሰዎቹ ገቡ። ጋሽ ሻንቆ ከጂንካ በላይ ካለው የአሪ መንደር በእግራቸው ነው የሚመጡት፤ ጸሎቱን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። ኮታቸውን ሲያራግፉ ጣሳው የሌለበትን መስኮት አዩ።

«አስካል፣ አበባ የት ሄደ?»

«ሥሯ በስብሶ ቆረጥኳት፣ ጋሼ። እየደረቀች ነው።»

«ደርቆ እንዴት ይድናል?» አሉ ሽማግሌው፤ ግን እንሰት ተካይ ናቸውና ጉማጁን አንስተው ቁስሉን አይተው፣ ምንም ሳይጨምሩ መልሰው አስቀመጡት።

አበዛሽ መጨረሻ ላይ ደረሰች፣ ነጠላዋ ርሶ። ዝንጅብል እየቸረቸረች ያሳደገችው አንድ ልጅ አላት፤ ኤርሳዶ ይባላል። ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ቀለብ እንደቀነሰ ሰው ከስታለች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ኩባያውን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፣ ከእንስራው ቀዳች፣ ወደ መስኮቱ ሄደች።

አስካል ብርድ ልብሱን ገፍፋ ተነሳችና የእጇን አንጓ ያዘቻት።

«አይ፣ እትዬ አበዛሽ።»

«ምን አይ?»

«አይፈስም። አሁን ውሃ ከነካት ትሞታለች።»

አበዛሽ አልገባትም። እጇን ወደፊት ገፋች፤ ውሃው ኩባያው ጠርዝ ላይ ተናወጠ። «ለኤርሳዶ ነው እኮ። ደብዳቤው ከቀረ ስንት በዓል አለፈ። ሌላ የማደርግለት ነገር የለኝም፣ አስካል። ይቺን ኩባያ ነው የምትከለክይኝ?»

አስካል የምታውቀው ሌላ መንገድ ነበር፤ ዛሬ ታፍስስ፣ ሲሄዱ እጠርገዋለሁ። ዕድሜዋን የኖረችው በዚያ መንገድ ነው። የአበዛሽን እጅ ግን አልለቀቀችም።

«አዎ፣ እከለክልሻለሁ» አለች። «ሁላችንም ለምነን ለምነን ነው የገደልናት። ቁጭ በይና ውሃውን አንቺ ጠጪው። ከንጋት ጀምሮ አፍሽ የነካው ነገር አለ?»

አበዛሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። ግማሹ ላይ እንባዋ መጣ።

«የእሱን ጠጣሁበት» አለች።

«ጌታ ኩባያ አይቆጥርም፣ እህቴ» አሉ ጋሽ ሻንቆ። «አንቺ ስም ጥሪ፤ እኛ አለን።»

«ኤርሳዶ» አለች አበዛሽ። ሌሎቹም ተቀበሏትና በዝናቡ ድምፅ ተሸፍነው የልጁን ስም እየጠሩ ጸለዩ። ንብረትም የባሏን ጠራች። ከግድግዳው ሥር አንድ ሰው የለማን ወንድም ጠራ።

ጸሎቱ ሲያበቃ አስካል አልጋዋ ላይ ተመልሳ ነበር። አንዴ «አይ» ካሉ በኋላ ሁለተኛው ይቀላል የሚል ሰው ካለ አልሞከረውም ማለት ነው።

«እኔ ነገ አርባ ምንጭ እሄዳለሁ» አለች። «ለኮርስ። ስድስት ወር ነው። መስኮቱ ላይ ያሉት ሲደርቁ ታቹ የተቀደደ ጣሳ ፈልጋችሁ ትከሏቸው። ለየቤታችሁ ውሰዱ። ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን በጣታችሁ ንኩት፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት።»

«የባሌ ካኪስ?» አለች ንብረት፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሳፋው አጠገብ ነው፤ ይዘሽው ሂጂ።»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። የተናገሩት ጋሽ ሻንቆ ናቸው። «መሄዱ ጥሩ ነው። እኔ ደስ ይለኛል። ግን ቤት ይዘጋል። እኛ የት እንሄዳለን?»

ጥያቄው ለሁሉም ነበር፤ ዓይኖቹ ግን ሁሉም ወደ አስካል መጡ። «እንግዲያው እቀራለሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። ጣዕሙን ሁሉ ታውቀዋለች። ቃሉን አፏ ውስጥ ይዛ ዝም አለች። አንድ ሰው አሳለ፤ ዝናቡ ጋብ ብሎ እንደገና ጀመረ።

«እኔ ቤት ይሁን» አለች አበዛሽ።

«ከቀበሌው ጀርባ?» ንብረት ጮኸች።

«አዎ፣ እዚያው። የዘማች እናት ብትታመም ማን ምን ይላል? ብዙ ሰው ቢጠይቀኝ ይደንቃል? ሊቀመንበሩ ራሱ ሊጠይቀኝ ይመጣ ይሆናል።»

«ሲመጣ ጸሎቱን ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉ ጋሽ ሻንቆ።

«አቃስታለሁ። የዘመትኩት እኔ ባልሆንም ማቃሰቱን ችየዋለሁ» አለች። አንድ ሰው ሳቀ፤ አበዛሽም ሳቀች፣ ልጇ ከዘመተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ጎደሬው ምድጃው ላይ ፈልቶ ክዳኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ለመብላት ተጠጋጉና ወደ አልጋው አዩ። አስካል ልትነሳ አንድ እግሯን አወረደች። መሬቱ ቀዘቀዛት። እግሯን መልሳ ሰበሰበች።

«ንብረት፣ ጎደሬውን አንቺ አውጪው። እኔ ነገ መንገደኛ ነኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።